ሁለቱ እሺታዎች

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የአገራችን አነጋገር የሚነቅፈው ሰነፉን ሳይሆን ትጉሁን ሰው ነው። ይህ ዘወትር ያስገርመኛል። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን በአብዛኛው እምቢተኛውን፣ ቸልተኛውን፣ የተላከበትን ረስቶ በየመንገዱ የሚውለውን ሲገርፉ፣ ይህኛው ግን ለመታዘዝ የተቻኮለውን ይዞ ያፌዝበታል። ታዛዥነት ብቻውን ምግባር ቢሆን ኖሮ ገና ሳይጠራ የሚመልሰው ሰው ከሁሉ የላቀ ምግባረ ሰናይ በሆነ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን እንደዚያ አላዩትም። ትእዛዝ አለ ለማለት አዛዥና ታዛዥ ብቻ አይበቁም፤ የአዛዡ ቃል ማለቁን የሚያውቅ ጆሮም ያስፈልጋል። በዚህች አጭር ፌዝ ውስጥ ይህ ግንዛቤ ያለ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። የታዘዘውን ሳያጎድል የፈጸመ፣ ነገር ግን ትእዛዙ ሳያልቅ የፈጸመ፣ ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው የፈላስፎች መጫወቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያገኘሁት በመጽሐፍ ገጽ ላይ አይደለም። የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው በኦበርን ከተማ ነው፤ እንጀራዬም የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ጉድለት እየፈለጉ ማረም ነው። ጥያቄው የመጣብኝ አንድ ጉድለት እንድፈልግ በተጠራሁበት ቀን ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ዛሬ ኮምፒዩተር ሲባል በብዙው ሰው ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሥዕልና አዝራር ነው። ሥዕሉና አዝራሩ ከመምጣታቸው በፊት ግን ሰውና ማሽን የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነበር፤ ባለሙያዎች ዛሬም በብዛት የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የተጻፈለትን ቃል ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያደርሰው አስተርጓሚ ፕሮግራም «ሼል» ይባላል፤ ቅርፊት ማለት ነው፤ የማሽኑን አስኳል ከውጭ ይሸፍናልና። ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብስ ለዩኒክስ የመጀመሪያውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። በ1979 የስቲቨን ቦርን ሼል ተተካ፤ በ1989 ደግሞ ብራያን ፎክስ የጻፈው «ባሽ» ወጣ። ይህ የመጨረሻው እስከ ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ማሽኖች ላይ ይሠራል።

ጠባዩ የጨዋ ልጅ ጠባይ ነው። ሥራ በሌለው ጊዜ አንዲት ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ የዶላር ምልክት፣ አሳይቶ ይቆማል። ይህ «አቤት» ማለቱ ነው። ሰውየው አንድ መስመር ጽፎ «ኢንተር» የሚባለውን ቁልፍ ሲጫን ሼሉ የተባለውን ይፈጽምና ተመልሶ አቤት ይላል። ችግር የሚመጣው ትእዛዙ ከአንድ መስመር ሲረዝም ነው። ያ ቁልፍ ሁለት ነገር ይናገራልና፤ «መስመሩ አለቀ» እና «ቃሌን ጨረስሁ»። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የትኛው እንደ ተባለ መፍረድ የሼሉ ፈንታ ነው። እንዲፈርድ የሚረዱት ምልክቶች አሉ። የተከፈተ ትእምርተ ጥቅስ እስኪዘጋ ድረስ ቃሉ አላለቀም፤ በመስመሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ያጋደለ እዝባር ካለ አላለቀም፤ «ከሆነ» ብሎ የጀመረም መዝጊያው ካልተጻፈ አላለቀም። (ቦርን ይህን መዝጊያ የሠራው የመክፈቻውን ቃል ፊደላት ገልብጦ ነው፤ እኛ «ከሆነ» ብለን ከፍተን «ነሆከ» ብለን እንደ መዝጋት። አልጎል 68 ከሚባል ቋንቋ የወረሰው ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል፤ ሲለምዱት ግን በገቡበት በር መውጣትን የሚያስገድድ ሥርዓት መሆኑ ይገባል።) ሼሉ ቃሉ አላለቀም ብሎ የፈረደ እንደ ሆነ ምልክቱን ይለውጣል፤ በዶላሩ ፈንታ ወደ ቀኝ የምትጠቁም ትንሽ ቀስት ያሳያል። ይህች ቀስት በእኛ አፍ «እሺ» ናት።

ግን የትኛው እሺ? አማርኛችን ሁለት እሺ አለው፤ በአንድ ልብስ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የሰሚ እሺ ነው። ሰው ነገሩን ሲዘረዝርልን «እሺ… እሺ… ከዚያስ?» እያልን የምንከተለው። ይህ እሺ ምንም ነገር አያጸድቅም፤ ጆሮዬ ከአንተ ጋር ነው፣ ቀጥል ከማለት በቀር። ሁለተኛው የታዛዥ እሺ ነው። «ውሃ አምጣ» ሲባል «እሺ» ብሎ የተነሣው ልጅ እሺታ። ይህኛው ቃል ኪዳን ነው፤ ሥራ ይከተለዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ፊደላቸው አይደለም፤ ሌላው ሰው ነገሩን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል፤ «መስማማት» የሚለው ቃላችን የተወለደው «መስማት» ከሚለው ነው። ሁለት ሰዎች ተስማሙ ማለት፣ በቃሉ ሥር ከሄድን፣ አንዱ የሌላውን ሰማ ማለት ነው። መጀመሪያ መሰማማት፣ ከዚያ መስማማት። ግማሽ ቃል ሰምቶ የተስማማ ሰው በአማርኛ ሕግ ገና አልተስማማም።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍሁት። እዚሁ ኦበርን የማውቃቸው አንዲት ባልቴት እናት አሉ። አንድ ቀን አንድ ሻጭ ስልክ ደውሎ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ያወራላቸዋል፤ እሳቸውም ሰው ሲያወራ ዝም ማለትን ነውር አድርገው ያደጉ ናቸውና በያንዳንዱ ትንፋሽ መካከል «የስ… የስ…» ይላሉ። ከወር በኋላ ያላዘዙት አገልግሎት ሒሳብ መጣባቸው። ልጃቸው ሩቅ ስለ ሆነ ጠርተውኝ አብሬያቸው ደወልሁ፤ ኩባንያውም የተቀዳውን ድምፅ አሰማን። የሳቸው ድምፅ ነው፤ ቃሉም የስ ነው፤ የሚካድ ነገር የለውም። እሳቸው ግን እኔን እንጂ ስልኩን አላዩም፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ እየሰማሁት ነው ያልሁት እንጂ መቼ ተስማማሁ?» አሉኝ። ለስልኩ ማዶ ሰው ይህን ልተረጉምለት ሞከርሁ። በእንግሊዝኛ ብዙ ቃላት ፈጅቶብኝ፣ ሲያልቅ ክርክር እንጂ ማስረጃ አልሆነም። ያ ኩባንያ የሰሚውን እሺ ወስዶ የታዛዥ አድርጎ መዝግቦታል።

አሁን ወደ ተጠራሁበት ጉዳይ እመለሳለሁ። ከኬንት እስከ ኦበርን ያለው ሸለቆ የመጋዘን አገር ነው። የሲያትል የቤት ኪራይ ወደ ደቡብ እየገፋ ያመጣቸው የአገሬ ልጆች ብዙዎቹ በእነዚያ መጋዘኖች ሌሊት ዕቃ ሲያነሡና ሲያሽጉ ያድራሉ። ለመጋዘኖቹ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት የሚያስቀምጥበት ፕሮግራም ነበረው፤ ፕሮግራሙም የራሱ ትንሽ ሼል አለው፤ ከዓመታት በፊት ሌሎች ሰዎች በታላቆቹ ሼሎች አምሳል የሠሩት። አንድ ሌሊት መዝገብ የሚጠብቀው ሠራተኛ ያረጁ ሰነዶችን ሊያጸዳ ብሎ ሁለት መስመር ያለው ትእዛዝ ከመመሪያ ሰነድ ገልብጦ ይለጥፋል። ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል ሳልነካ፣ እንዲህ ነበር፤ በመጀመሪያው መስመር «ሰርዝ የሥራ ሰዓት መዝገብን»፣ በሁለተኛው «ዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን ብቻ»። በአንደኛው መስመር መጨረሻ «አልጨረስሁም» የሚለው ያጋደለ እዝባር ተቀምጧል። ሼሉ ግን የመጀመሪያውን መስመር ይዞ ሄደ። መዝገቡ በሙሉ ተሰረዘ። ሁለተኛው መስመር ሲደርስ ፕሮግራሙ የመለሰው «የማላውቀው ትእዛዝ» የሚል ነበር።

በዚህች መልስ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ገደብ ሆኖ የተላከው ቃል፣ «ብቻ» የሚለው ቃል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ደረሰና እንደ ባዕድ ተቆጥሮ ከደጅ ተመለሰ። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ይዞ የመጣውን ሰው ስምህ ማነው እንደ ማለት ነው።

ምክንያቱን መፈለግ አራት ቀን ወሰደ። የፕሮግራሙ የትእዛዝ ማኅደር ሲታይ እዝባሩ በቦታው አለ፤ ምንም ጉድለት አይታይም። ታዲያ ሼሉ ለምን አልጠበቀም? በኋላ እንደ ተገኘው፣ ማኅደሩን የሚጽፈው ክፍል ለንጽሕና ሲባል በየመስመሩ መጨረሻ የተረፉ ባዶ ቦታዎችን እየቆረጠ ነበር የሚያስቀምጠው። ማስረጃው የጠፋው በማጽዳት ነው። ዋናውን የመመሪያ ሰነድ አስመጥተን እያንዳንዱን ፊደል በቁጥሩ በሚያሳይ መሣሪያ ስናየው ነገሩ ወጣ። እዝባሩ ቁጥሩ 92 ነው፤ የመስመር መጨረሻ 10 ነው። 92 እና 10 ተከታትለው መቆም ሲገባቸው መካከላቸው 32 ገብቷል። 32 ባዶ ቦታ ነው። ለዓይን የማይታይ፣ ምናልባት ሰነዱ ሲዘጋጅ በራሱ የተጨመረ። የሼሉ ሕግ ደግሞ እዝባር ቀጥሎት የመጣውን አንድ ፊደል ብቻ ይነካል ይላል። እዝባሩ ባዶውን ቦታ ነካ፤ የመስመሩ መጨረሻ ሳይነካ ቀረ፤ ሼሉም ቃሉ አልቋል ብሎ ፈረደ።

(አማርኛ በኮምፒዩተር ለሚጽፍ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የግእዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ አራት ነጥብ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ለዓይን ልዩነት የለውም። ለማሽኑ ግን ያ ዐረፍተ ነገር ቃል ከቃል የሚለዩ ሁለት ምልክቶች ተከታትለው የመጡበት እንጂ ያለቀ አይደለም። በዚህ ሚዛን ቢታይ ሳይጨርሱ ያለፉ ስንት ደራሲዎች አሉን!)

ጉባኤ ተቀመጥን። ከድርጅቱ ኀላፊዎች አንዱ «ማሽኑ የታዘዘውን ነው የፈጸመው» አለ። እውነቱን ነው፤ አንድም ሕግ አልተጣሰም። ነገር ግን ይህ ዐረፍተ ነገር ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ደስ የማይል ነገር ይሰማኛል፤ የእኛ ትውልድ ከማሽን ሳይሆን ከሰው አፍ ሰምቶታልና። ታዛዥ ራሱን ነጻ የሚያወጣበት ጥንታዊ በር ነው። በሩን መዝጋት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ እያንዳንዱ ታዛዥ እያንዳንዱን ትእዛዝ ይጠራጠር ካልን ሥራ የሚባል ነገር አይኖርም። የእኔ አቋም ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። ታዛዥ የትእዛዙን ጥበብ የመመርመር ግዴታ ላይኖርበት ይችላል፤ ማለቁን የማወቅ ግዴታ ግን አለበት። የመጀመሪያው የአዛዡ ሥራ ነው፤ የሁለተኛው ጌታ ራሱ ሰሚው ነው። በዚህ ጉዳይም ሼሉ ፍንጭ አጥቶ አልነበረም። በመስመር መጨረሻ ላይ እዝባር ጽፎ ከኋላው ባዶ ቦታ ሆን ብሎ የሚያኖር ሰው የለም። ደግሞም ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። ያለቀውን አላለቀም ብሎ የጠበቀ ሼል በአንድ ቁልፍ ይመለሳል፤ ያላለቀውን አልቋል ብሎ የሰረዘ ግን አይመለስም።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ቋንቋችን አንድ ኩራት ቢጤ መጣብኝ፤ ብዙም አልቆየልኝም እንጂ። እንግሊዝኛ ግሱን ያስቀድማል። «ሰርዝ» ይልና ገደቡን በኋላ ያመጣል፤ መካከል ላይ ቢቋረጥ እጅ ላይ የሚቀረው ራቁቱን የቆመ «ሰርዝ» ነው። አማርኛ ግን «ዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን የሥራ ሰዓት መዝገብ ብቻ» ብሎ ገደቡን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ ነው «ሰርዝ» የሚለው። መካከል ላይ ቢቆረጥ ምንም አይሆንም፤ ግስ የለምና። ጥንቁቅ የሼል ጸሓፊዎች፣ አማርኛ ሳያውቁ፣ ወደዚሁ ደርሰዋል። በኢንተርኔት የሚላክ የመጫኛ ጽሑፍ ገና እየደረሰ ሳለ ሼሉ በየመስመሩ እየፈጸመው ሊሄድ ይችላል፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ አንድን ንዑስ ማኅደር አጥፋ የሚለው መስመር ከመካከሉ ተቆርጦ ሁሉን አጥፋ ይሆናል። ስለዚህ ጸሓፊዎቹ ነገሩን ሁሉ በአንድ ስም ሥር አስረው ያስቀምጡና፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ያን ስም ይጠሩታል። የመጨረሻው መስመር ካልደረሰ ምንም አይፈጸምም። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው።

ሰዋስው ግን ብቻውን አያድንም። በአማርኛ «ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ይቀጣ» እንላለን፤ ቅድመ ሁኔታው በፊት፣ ቅጣቱ በኋላ። ቋንቋው ይህን ያህል ቢጠነቀቅም፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣኖችና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ፣ ጉዳያቸውን እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር። «ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ» የሚለው ሐረግ ተከፍቶ ሳይዘጋ ግሱ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ማስረጃውም፣ ምስክሩም፣ የማላውቀው ትእዛዝ ሆነ። ቃታ የሳቡት ሰዎች የታዘዙትን ነው የፈጸሙት።

ከዚያ ያነሰ፣ ነገር ግን በየሳምንቱ የማየው፣ ሌላ አለ። በስደት ስብሰባዎቻችን አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ በዚህ ጉዳይ መንግሥትን…» ሲል፣ ግሱ ገና በጉሮሮው ሳለ፣ ግማሹ አዳራሽ አጨብጭቧል፣ ግማሹ አጉረምርሟል። እደግፋለሁ ይበል እቃወማለሁ፣ ወይም «እጠይቃለሁ» ብቻ ይበል፣ የሚጠብቀው የለም። ግሱን በኋላ የሚያኖር ቋንቋ ተሰጥቶን የሌላውን ሰው ግስ እኛው እንሞላለታለን። «ገባኝ፣ ገባኝ» የምትባለው ቃላችን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቃላታችን ሁሉ አደገኛዋ ናት።

ታዲያ መልሱ ዘወትር መጠበቅ ነው ብዬ እንዳልደመድም የሚከለክለኝ ነገር አለ፤ ይኸውም ያልተዘጋው ጥቅስ ነው። ሼል የሚማር ጀማሪ አንድ ቀን ትእምርተ ጥቅስ ከፍቶ መዝጋቱን ይረሳል። ሼሉ ቀስቷን ያሳየዋል። ሌላ መስመር ይጽፋል፤ ቀስት። «እርዳታ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀስት። «ውጣ» ብሎ ይጽፋል፤ አሁንም ቀስት። ማሽኑ ሞቷል ብሎ ያስባል። ማሽኑ አልሞተም፤ ከመጠን በላይ እየሰማ ነው። የሚጽፈውን ሁሉ፣ የእርዳታ ጥሪውን ጭምር፣ በፊት የተከፈተው ጥቅስ ተከታይ አድርጎ ይወስደዋል። ከሰሚነት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምንም ነገር ቢናገሩት ያው የመጀመሪያው ነገር አካል አድርጎ የሚሰማ ጆሮ።

በእኛም ዘንድ በ1960ዎቹ የተከፈቱና እስከ ዛሬ ያልተዘጉ ጥቅሶች አሉ። አንድ ሰው በዚያን ዘመን በየትኛው ድርጅት እንደ ነበረ ከታወቀ፣ ወይም የአባቱ ስም ከተሰማ፣ ጥቅሱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ስለ ዳቦ ዋጋ ቢናገር፣ ስለ ልጁ ሕመም ቢናገር፣ ተሳስተን ነበር ቢል እንኳ፣ ሁሉም በዚያ ጥቅስ ውስጥ ይነበባል። ሰዎቹ ስለ ተናገሩ ተሰምተዋል ማለት አይደለም። የጥቅሱን መዝጊያ ማን ይጽፋል? ተናጋሪው አይችልም፤ የሚጽፈው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባልና። ሼሉ ላይ ከዚህ የሚያወጣ አንድ የማቋረጫ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የተከማቸው ቃል ሁሉ ይጣልና ከአቤት ይጀመራል። ለሰው እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ለእኔ የመሰለኝ ስደት ራሱ ያን ቁልፍ የመጫን ሙከራ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን ጥቅሱን ተሸክመን ተሻገርን።

ትእምርተ ጥቅስ ግን ክፉ ነገር እንዳይመስል፣ የተፈጠረበትን ምክንያት የምኖርባት ከተማ ታሪክ ይነግረናል። ኦበርን እ.ኤ.አ. በ1891 ስትመሠረት ስሟ ስሎተር ነበር፤ በ1855 በተደረገው ጦርነት ለሞተው ለሌተናንት ዊሊያም ስሎተር መታሰቢያ። ቃሉ የሰው ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ማረድ ማለትም ነው። በባቡር የሚወርደውን እንግዳ የከተማዋ ሆቴል ሰዎች «ወደ ማረጃው ቤት በዚህ ይሂዱ» በሚል ጥሪ ይቀበሉት ነበር ይባላል። በ1893 ስሙ ተለወጠ። በሼል ቋንቋ ትእምርተ ጥቅስ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ «ይህ ስም ነው፣ አትታዘዘው» ለማለት።

ካለቀ በኋላም መቀጠል አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 «ሼልሾክ» የተባለ የባሽ ጉድለት ይፋ ሆነ፤ ያገኘው ስቴፋን ሻዝላስ ነው። ባሽ ከሌላ ፕሮግራም በውርስ የሚቀበለው አንድ ዓይነት ቃል አለ፤ ይህ ስም ይህን ማለት ነው የሚል ትርጓሜ። ባሽ ትርጓሜውን እስከ መዝጊያው ቅንፍ ካነበበ በኋላ መቆም ሲገባው፣ ከቅንፉ ወዲያ የተጻፈ ቢያገኝ ያንንም ይፈጽመው ነበር። አንዳንድ የኢንተርኔት አገልጋዮች ከማያውቁት እንግዳ የተቀበሉትን ቃል በዚሁ መንገድ ለባሽ ያስተላልፉ ስለ ነበር፣ እንግዳው የቤቱ አዛዥ ሊሆን ቻለ። ጉድለቱ ከ1989 ጀምሮ 25 ዓመት በዚያው ተቀምጧል። የጨረሰን ሰው አልጨረሰም ብሎ ማዳመጥ ከመጠባበቅ ትዕግሥት ጋር ቢመሳሰልም፣ በር ክፍት ትቶ እንደ መተኛት ነው።

የተጠራሁበትን ጉድለት እንዴት እንደምናርመው ከባልደረባዬ ጋር አልተስማማንም። እሱ ከእዝባር በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ሼሉ ዝም ብሎ ይዋጠውና ይጠብቅ አለ። እኔ ያ ግምት ነው አልሁ፤ የሌላውን ግስ ከመሙላት አይለይም። በእኔ ሐሳብ ሼሉ ሥራውን አቁሞ «ከእዝባሩ በኋላ የማይታይ ነገር አለ፤ ጨርሰዋል ወይስ ይቀጥላሉ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ስረዛ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋውን መዝገብ ብዛት በቁጥር አሳይቶ እንደ ገና ቃል ይጠብቅ። በመጨረሻ የኔው ተወሰደ። ባልደረባዬ ግን አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰው በቀን ሃያ ጊዜ ሲጠየቅ ሳያነብ «አዎ» ይላል፤ ጥያቄህ ራሱ ሌላ እሺ ይሆናል አለኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ሠራተኞቹም ሥራቸው ዘገየ ብለው አጉረምርመዋል፤ እውነታቸውን ነው።

የጠፋው መዝገብ ከመጠባበቂያ ቅጂ ተመለሰ፤ ቅጂው ግን የአንድ ሳምንት ዕድሜ ነበረው። የዚያን ሳምንት ደመወዝ ድርጅቱ በፈረቃ ሰሌዳው መሠረት ከፈለ። ትርፍ ሰዓት በሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ሰሌዳው ካለቀ በኋላ የሠሩ ሁሉ ሰዓታቸው ተበላ፤ ማስረጃ ያመጣ ይከፈለዋል ተባለ። ከአገራችን ልጆች አንዱ፣ በኬንት መጋዘን ሌሊት የሚሠራ፣ የኪስ ደብተር ይዞ መጣ። በየሌሊቱ መግቢያውንና መውጫውን በአማርኛ ጽፏል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እያለ፣ በአገራችን አቆጣጠር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጥሮቹን አይታ ይህ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ሠራ ማለት ነው ብላ ግራ ተጋባች። ምሽት 2 ሰዓት ማለት በእነርሱ 8 ሰዓት ማታ መሆኑን፣ ቀናችን ከንጋት እንደሚቆጠር ነግሬያት በአንድ ወረቀት ላይ መስመር በመስመር መለስሁላት። አምስቱ ሌሊት ተስተካከለ። ስድስተኛው መስመር ላይ «ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ» ይልና ባዶ ነው። መውጫው ስለ ሌለ እንለፈው አለች፤ ብዕሯም ወደ ሚቀጥለው መስመር ወርዶ ነበር። ቆይ፣ እንጠይቀው አልኋት። ደወልንለት፤ እንቅልፍ ላይ ነበር።

«እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነበርሁ» አለ። «የጭነት መኪናው ዘግይቶ ነበር። ልጽፈው ስል አውቶቡሱ መጣብኝ።»